ሕመምን ለሩቅ ሐኪም በደብዳቤ ማስረዳት፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ለዛሬው የጎጃም ቤተሰብ

በሞጣ፣ በብቸና፣ በደብረ ኤልያስ ወይም በሰከላ ገጠር የሚኖር ቤተሰብ ሰው ሲታመምበት፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ፣ አልፎም ውጭ አገር ለሚሠራ የዘመድ ሐኪም በቴሌግራም መጻፍ የተለመደ ሆኗል። መልእክቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «እናቴን በጣም አሟታል፤ ምን መድኃኒት ይሻላታል?» ከሚል አያልፍም። ይህን የተቀበለ ሐኪም ወይ በግምት ይመልሳል፣ ወይ ጥያቄ ይደረድራል፤ ጥያቄና መልሱ ሲመላለስም ቀናት ያልፋሉ። ሕመምን በጽሑፍ አሟልቶ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን ሙያ በሚገባ ያዳበሩት ደግሞ ከ250 ዓመት በፊት የነበሩ የአውሮፓ ሕሙማንና ሐኪሞቻቸው ስለሆኑ፣ የእነርሱን ልማድ መሠረት አድርጌ ዛሬ ከጎጃም ለሩቅ ሐኪም የሚጻፍ ደብዳቤ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ልማዱ እንዴት ይሠራ ነበር

በ18ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በትምህርቱ የታወቀ ሐኪም የሚገኘው በጥቂት ከተሞች ብቻ ነበር። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዊልያም ከለን (1710–1790)፣ በስዊዘርላንድ ሎዛን ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ (1728–1797)፣ ከሁለቱ ቀደም ብሎም በኔዘርላንድ ላይደን ኸርማን ቡርሃቨ (1668–1738) በየዕለቱ የሚጎርፍላቸውን የሕሙማን ደብዳቤ እያነበቡ ምክርና የመድኃኒት ትእዛዝ በጽሑፍ ይልኩ ነበር። ለቲሶ የተጻፉት ከ1000 በላይ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ በሎዛን ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የከለን ደብዳቤዎችም በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ በኤዲንብራ የሐኪሞች ኮሌጅ ተቀምጠዋል።

ሐኪም ታማሚውን ሳያይ እንዴት ያክማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በዚያ ዘመን ግን ሐኪሙ ታማሚው ፊቱ ቢቀመጥ እንኳ ከሚያደርገው ምርመራ ይልቅ የሚሰማው ታሪክ ይበልጥ ነበር። የልብ ምት ይዳስሳል፣ ምላስና ሽንት ያያል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ የሚያውቀው በጥያቄ ነበር። ደረት የሚያዳምጡበት መሣሪያ የተፈለሰፈው በ1816 ነው፤ የሰውነት ሙቀት መለኪያም በሐኪም ቤት የዕለት ተዕለት መሣሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በወጉ ከተጻፈ ደብዳቤው የታማሚውን ቦታ ሊተካ ትንሽ ይቀረው ነበር ማለት ይቻላል።

በእኛ አገርም የሩቅ ሐኪም ፍለጋ ምን ያህል አድካሚ እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ቀዳማዊ ኢያሱ ሕመም ጸንቶባቸው ሐኪም እንዲፈለግ ወደ ካይሮ መልእክተኛ በላኩ ጊዜ፣ ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ ጎንደር የደረሰው በሐምሌ 1699 ነበር፤ ጉዞው ብቻ ከ1 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1770 ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ሐኪም ባይሆንም ቁስቋም በሚገኘው በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን እንዲረዳ ተጠርቷል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጎጃም ወርዶ ግሽ ዓባይን ሲያይ፣ በትውልድ አገሩ በስኮትላንድ ከለን ለሕሙማን በደብዳቤ መልስ ይሰጥ ነበር።

ለዛሬው ጸሐፊ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ግን ቲሶ በ1761 ባሳተመው፣ ለሕዝቡ ስለ ጤናው ምክር በሚሰጠው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው የጥያቄ ዝርዝር ነው። ቲሶ መጽሐፉን ያዘጋጀው ሐኪም በአጠገቡ ለሌለው የገጠር ሰውና ለዚያ ሰው ለሚያነቡለት ቄሶችና መምህራን ነበር፤ በዝርዝሩም ወደ ሐኪም የሚልክ ሰው ምን ምን አጣርቶ መላክ እንዳለበት አንድ በአንድ ይጠይቃል። የታማሚው ዕድሜ ስንት ነው? ከዚህ በፊት ጤነኛ ነበር ወይ? አኗኗሩ እንዴት ነው? ከታመመ ስንት ጊዜ ሆነው? ሕመሙ እንዴት ጀመረው? ትኩሳት አለው ወይ? ቀኑን ሙሉ ይተኛል ወይስ ይነሣል? በየትኛው ሰዓት ይብስበታል? ራሱን፣ ጉሮሮውን፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ወገቡን ያመዋል ወይ? ጥሙስ፣ ምግብ ፍላጎቱስ፣ እንቅልፉስ፣ ሽንቱና ሰገራውስ እንዴት ነው? እስከ አሁን ምን መድኃኒት ወሰደ፣ ምንስ ለውጥ አመጣለት? ለሴቶችና ለሕፃናት ደግሞ የተለዩ ጥያቄዎች ጨምሯል። ይህን ዝርዝር ዛሬ ቢሆን ከቀየርኩት የምቀይረው ጥቂቱን ነው።

መጀመሪያ፣ ደብዳቤ የማይጻፍበት ጊዜ

ያኔም በደብዳቤ ይታከም የነበረው በአብዛኛው ቆይቶ የከረመ ሕመም ነው፤ ድንገተኛውን የሚያየው በአካባቢው የሚገኘው ባለሙያ ነበር። እናት በምጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ደም ከፈሰሳት፣ ሕፃን ካንዘፈዘፈው ወይም መጥባት ካቆመ፣ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ግማሽ አካሉ በድንገት ከዛለ፣ ደረቱን አጥብቆ ከያዘው፣ ደም ካስመለሰው፣ እባብ ወይም ያበደ ውሻ ከነከሰው ስልክ አንሥቶ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ብቻ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ የወባ ምርመራ በዚያው ቀን በቅርቡ ባለ ጤና ጣቢያ ይደረግለት። ደብዳቤው የሚጠቅመው ለወራት ለሚመላለስ ሕመም፣ ሕክምና ተሞክሮ ላልተሻለው፣ ሪፈር ተጽፎለት የት ልሂድ ለሚል፣ ወይም የተሰጠውን ምርመራ ውጤት ለማስረዳት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ማን ይጻፍ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታማሚው ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ቢሆንም፣ ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ፣ ቄስ ስለ ምእመኑ ይጽፉ ነበር፤ የመንደሩ ቀዶ ሐኪም ወይም መድኃኒት ቀማሚም የልብ ምቱን ዳስሶ የራሱን ደብዳቤ ያክል ነበር። ከሁሉም የተሻለው ሁለቱ ድምፅ ሲገናኝ ነው፤ የታማሚው ስሜት በራሱ አነጋገር፣ የባለሙያው ልኬት ደግሞ በቁጥር። ዛሬም ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ታማሚው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቀርቦ የደም ግፊቱ፣ ክብደቱ፣ የሰውነት ሙቀቱና የልብ ምቱ ይለካ፤ የተለካበት ቀንም ይመዝገብ።

ጸሐፊው በሚመረጥበት ጊዜ ይሉኝታ መታሰብ አለበት። እናት ስለ ማኅፀኗ፣ ስለ ሽንቷ ወይም ስለ ጡቷ ለወንድ ልጇ አትናገርም፤ አባትም ስለ ሽንት መከልከል ለምራቱ አይናገርም። ልጁ የሚጽፈው የነገሩትን ብቻ ነውና ሐኪሙ ዋናውን ነገር ሳያውቅ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ሁሉም የሚያውቀው ቢሆንም፣ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ሳይሆን ብዕር ከያዘው ዘመድ ነው። ስለዚህ እናት ለሴት ልጇ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አባትም ለሚቀርበው እኩያው ብቻውን ሆኖ ቢያስጽፍ ይሻላል።

ምን ይጻፍ፣ በምን ቅደም ተከተል

ደብዳቤ አጻጻፋችን በሰላምታ የሰፋ ነው። «ለጤናዎ እንደምን አሉ፤ እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ መጀመር የአባቶች ወግ ነው፤ ወጉንም አከብራለሁ። ለሐኪም በሚጻፍ ደብዳቤ ግን ሰላምታው በአንድ መስመር ተወስኖ፣ ወዲያው ማን እንደታመመና ምን እንደሚጠየቅ ይገለጽ። አገራችን ደግሞ የዋሸራና የጎንጅ፣ የዲማ ጊዮርጊስም አገር ናትና የተማረ ሰው ነገሩን በሰምና ወርቅ መሸፈን ይቀናዋል፤ እዚህ ላይ ወርቁ ብቻ ፊት ለፊት ይቀመጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ካልታወቀም ወሩ ይጻፍ። ሽማግሌዎች «ከጥቅምት ሚካኤል ወዲህ»፣ «ጤፍ ሲታጨድ» ብለው የሚናገሩት ለማስታወስ እጅግ ጥሩ ስለሆነ በዚያው ይጠየቁ፤ በደብዳቤው ላይ ግን ጸሐፊው ወደ ወርና ቀን ይመልሰው። ተቀባዩ ውጭ አገር ያለ ሐኪም ከሆነ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ይነገረው፤ የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፣ «ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለውን ፈረንጅ አገር የለመደ ሰው በሌላ መንገድ ሊረዳው ይችላልና «ከመንጋቱ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ» ዓይነት ማብራሪያ ይታከልበት።

ከዚያ ሕመሙ ራሱ ይገለጽ። አማርኛችን ለሕመም የሰጠን ቃላት ብዙ ናቸው፤ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆርጣል፣ ይነዝራል፣ ይከብዳል፣ ያጥወለውላል። እነዚህን ሁሉ «ያመኛል» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ለሐኪሙ የሚጠቅመውን መረጃ መጣል ነው። ታማሚው ቦታውን በእጁ ያሳይ፤ በአንድ ጣት ነው የሚያሳየው ወይስ በመዳፉ ይሸፍነዋል፣ ከዚያስ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ብብት ይሄዳል ወይ የሚለውም ይጻፍ። የሚያባብሰውና የሚያስታግሰው ነገር፣ ለምሳሌ ምግብ፣ መራመድ፣ ማጎንበስ፣ ጉንፋን፣ ብርድ፣ ተለይቶ ይገለጽ።

ድካምን በሥራ መለካት ከሁሉ ይበልጣል። «ደክሞኛል» ከሚል ይልቅ «አምና ከቤት እስከ ገበያ ሳያርፍ ይሄድ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል»፣ «አንድ እንስራ ውኃ ከምንጭ ማምጣት አቅቷታል» የሚለው አነጋገር ለልብና ለሳንባ ሐኪም ብዙ ይነግረዋል።

በብዙ ቤት ታማሚው «ምች መታኝ»፣ «መጋኛ ነው»፣ «ብርድ ገብቶኝ ነው» ብሎ የራሱን ፍርድ ያስቀድማል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕሙማንም እንዲሁ የራሳቸውን ስም ለበሽታቸው ይሰጡ ነበር፤ ሐኪሞቻቸው ግን ስሙን ሳይንቁ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ምልክት ይፈልጉ ነበር። እኛም ቤተሰቡ ያለውን ስም እንጻፍ፤ ነገር ግን የታየውና የተሰማው ምልክት ይቅደም፦ ከንፈሩ ዙሪያ ቁስል ወጣ፣ ፊቱ አበጠ፣ በድንገት ጎኑን ወጋው።

ቀጥሎ አኗኗር ነው። ያኔ ሐኪሞች ስድስት ነገሮችን ሳይጠይቁ ምክር አይሰጡም ነበር፤ አየር፣ ምግብና መጠጥ፣ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ዕረፍት፣ ከሰውነት የሚወጣውና የሚታገደው፣ የመንፈስ ሁኔታ። ለጎጃም ሰው ይህ ሲተረጎም፣ የሚኖረው በደጋ ነው ወይስ በቆላ፣ ቤቱ ውስጥ ጭስ አለ ወይ፣ ውኃው ከምንጭ ነው ወይስ ከቧንቧ፣ አረቄ ይጠጣል ወይ፣ ጠላው በበዓል ብቻ ነው ወይስ በየቀኑ፣ ጾም ላይ ነው ወይ፣ ሐዘን ወይም ጭንቀት ገጥሞት ነበር ወይ ማለት ነው። ጾሙ በተለይ እንዳይዘለል፤ ባዶ ሆድ የማይዋጥ ኪኒን የታዘዘለት ሰው እስከ ቀን 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ማስተካከል አለበት።

እግር ያበጠ ሰው ሲኖር ደግሞ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ደጋዎች በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት የታወቀ ስለሆነ፣ ጫማ መጫማት የጀመረበት ዕድሜ፣ እብጠቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አለመውጣቱ፣ አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም፣ አልፎ አልፎ እየጋለ ትኩሳት የሚያስነሣ መሆኑ ይጻፍ። ይህን ያልነገሩት የሩቅ ሐኪም በመጀመሪያ ልብንና ኩላሊትን ይጠረጥራል።

በመጨረሻ የተወሰደው ሁሉ ይቆጠር፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠው፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው፣ ከጎረቤት የተዋሱት፣ ኮሶውም ዳማከሴውም ፌጦውም፣ ጠበልም ከተጠጣ ጠበሉ። ሐኪም ይቆጣል ብሎ የባህል መድኃኒትን መሸሸግ ታማሚውን ይጎዳል። የኪኒኑን ስምና ከጎኑ ያለውን የሚሊ ግራም ቁጥር ከማሸጊያው ላይ እንዳለ መገልበጥ፣ ማሸጊያውንም ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ

ከላይ ያለው ሁሉ በአንድ ገጽ ሲጠቃለል ምን እንደሚመስል ለማሳየት ይህን አዘጋጅቻለሁ።

«ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር፤ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ነው። ዕድሜዋ 58 ነው፤ ብቸና አጠገብ በገጠር ትኖራለች፤ 6 ልጆች ወልዳለች። ከዚህ በፊት አልጋ ላይ የጣላት በሽታ አልነበረም። ሕመሙ የጀመራት በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ከእምብርቷ በላይ፣ ከደረቷ አጥንት በታች መሐል ላይ ያቃጥላታል፤ ቦታውን በአንድ ጣቷ ታሳያለች። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ግን በየሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይቀሰቅሳታል። ትንሽ እንጀራ ስትቀምስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዋታል። አላስመለሳትም፤ ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቄያት አልጠቆረም ብላለች። ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ኅዳር 12 በጤና ጣቢያ ስትመዘን 47 ኪሎ ነበረች፤ የደም ግፊቷም 120 በ80 ነው። ለሆዷ ተልባ ጠጥታለች፤ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይላታል እንጂ አልተዋትም። አረቄ አትጠጣም፤ ጠላ በበዓል ቀን ትቀምሳለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ ዳይክሎፌናክ የሚባል ባለ 50 ሚሊ ግራም ኪኒን ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ በቀን ሁለቴ ትውጣለች፤ በጾም ቀን በባዶ ሆዷ ነው። የምንጠይቅዎ፣ ምን ምርመራ እንድታደርግና ለዚያም ደብረ ማርቆስ ይበቃት እንደሆነ ወይም ባሕር ዳር መሄድ ይኖርባት እንደሆነ ነው።»

ይህን ደብዳቤ ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው ቁልፉ ያለው መጨረሻ አካባቢ እንደሆነ ያያል። ቤተሰቡ የጉልበቱን ኪኒን ከሆድ ሕመሙ ጋር አላገናኘውም፤ ሆኖም ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ሊያቆስሉ የሚችሉ ናቸው፣ ሕመሙ የጀመረውም ኪኒኑ በተጀመረ በአራተኛው ወር ገደማ ነው። ጸሐፊው «የጠየቅኩት ስለ ሆድ ነው፤ የጉልበቱ ነገር አይመለከትም» ብሎ ቢተወው ኖሮ ሐኪሙ በሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የሚመለከተውንና የማይመለከተውን መለየት የሐኪሙ ድርሻ መሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ። «አላስመለሳትም»፣ «አልጠቆረም» የሚሉት የሌለውን የሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮችም ካለው እኩል ዋጋ አላቸው፤ ሐኪሙ ጥድፊያ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው በእነርሱ ነው። ጥያቄውም የተወሰነ ነው፤ «ምን ይሻላታል» አላለም።

አላላክና መልስ

በዚያ ዘመን ወረቀቱ ተጣጥፎ በሰም ይታሸግ ነበር፤ በብሪታንያ የፖስታውን ዋጋ የሚከፍለውም በአብዛኛው ተቀባዩ ነበርና ጸሐፊ ቃሉን ይመርጥ ነበር። ዛሬ ዋጋው ቢቀልም ደብዳቤው በተቆራረጡ አሥር መልእክቶችና በረጅም የድምፅ ቅጂ ከሚላክ፣ በአንድ ላይ ተጽፎ ቢላክ ሐኪሙ ደጋግሞ ሊያየው ይችላል። በእጅ ከተጻፈም በቀን ብርሃን፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ተደርጎ ፎቶ ይነሣ። የላብራቶሪ ውጤቱ፣ የኤክስሬይና የአልትራሳውንድ ንባቡ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ይያያዝ። ሰው በበዛበት የዘመድ ግሩፕ ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍ፤ ለሐኪሙ ብቻ ይላክ፣ ታማሚውም መላኩን ፈቅዶ ይሁን።

የላኩት ቅጂ ይቀመጥ። ከለን ለዚህ ብርቱ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር፤ መልሶቹን መጀመሪያ በጸሐፊ ያስገለብጥ ነበር፣ ከ1781 ጀምሮ ደግሞ ጄምስ ዋት በፈለሰፈው የመገልበጫ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ታማሚው ከወራት በኋላ እንደገና ሲጽፍለት ቀድሞ ምን እንዳለው አውጥቶ ያነባል። ቤተሰቡም አንድ ደብተር ለዚሁ ለይቶ፣ የተላከውንና የመጣውን መልስ በቀን ቅደም ተከተል ቢይዝ ታማሚው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በሚቀርብበት ጊዜም ደብተሩ ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

የሩቁ ሐኪም መልስ ከጤና ጣቢያው ትእዛዝ ጋር የተለያየ ከሆነ በራስ ፈቃድ አንዱን መጣል አይገባም፤ መልሱን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ማሳየትና ከሁለቱ በአንዱ እንዲስማሙ መጠየቅ ነው። በደብዳቤ የተጠቀሰ መድኃኒትም በአካል ያየ ባለሙያ ሳያዝዘው አይገዛ።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን መድገም የለበትም። የተመከረው ምን እንደነበረ፣ የትኛው እንደተፈጸመና የትኛው እንዳልተፈጸመ፣ ካልተፈጸመም ምክንያቱ (ገንዘብ ስላጠረ፣ መድኃኒቱ ስላልተገኘ፣ መንገድ ስላልተመቸ) ያለ ሐፍረት ይጻፍ። ከዚያ የተለወጠው ይገለጽ፤ በምሳሌያችን ሐኪሙ ኪኒኑን እንድታቆምና ሰገራዋ እንዲመረመር መክሮ ከሆነ፣ እናት ኪኒኑን ካቆመች በኋላ ሌሊት መነሣቱ ስንት ቀን ቆይቶ እንደቀነሰ፣ ጉልበቷ ያለ ኪኒኑ እንዴት እንደሆነ፣ ክብደቷ በዚያው ሚዛን እንደገና ስንት እንደመጣ፣ የሰገራ ምርመራው ውጤትም ተያይዞ ይላካል።